ልጆቼ እራት ላይ አይጠግቡም፤ እኔ ሳልቀመጥ መሶቡ ያልቃል

የአራት ልጆች እናት (ቱሉ ዲምቱ)
ህዳር 11፣ ከምሽቱ 4:10

እንደምን አመሻችሁ። እዚህ ብዙ ጊዜ አንብቤ ዝም ብዬ ነው የምወጣው፤ ዛሬ ግን ልቤ ስለከበደኝ ልጽፍ ነው። ትንሽ ይረዝማል፣ ታገሱኝ።

የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። ሦስት ወንዶች ልጆች አሉኝ፤ 17፣ 15 እና 13 ዓመታቸው ነው። ከእነሱ በታች የ9 ዓመት ሴት ልጅ አለችኝ። ባለቤቴ ከሥራ የሚገባው ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል አካባቢ ነው። ድሮ ቅዳሜ ከጋገርኩ እስከ ሐሙስ ይዘልቀኝ ነበር። አሁን ማክሰኞ ማታ መሶቡን ስከፍት ፍርፋሪ ነው የማገኘው። በተለይ ሁለተኛው ልጄ! ከክረምቱ ወዲህ ሱሪው ሁሉ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ቀርቷል። እስከ 8ኛ ክፍል ትምህርት ቤት ቁርስና ምሳ ይበላ ነበር። ዘንድሮ 9ኛ ሲገባ ያ ቀረ፤ እኔ የማስይዘውን ምሳ ዕቃ ደግሞ በጠዋቱ እረፍት ጨርሶት ባዶ ሆዱን ይውላል።

ያለፈው እሑድ ጾሙ ሳይገባ እንገናኝ ብለን የባለቤቴ እህት ከነባሏና ከሁለት ወንዶች ልጆቿ ጋር መጣች። ቅበላ ነው ብዬ ሥጋ ወጥ፣ ሽሮ፣ ጎመንና አይብ ሠራሁ። ለአሥር ሰው ይበቃል ብዬ ነበር። አንድ ትልቅ ትሪ ከበብን። ወጥ ልጨምር ማድ ቤት ደርሼ ስመለስ ትሪው ላይ የቀረው የእንጀራው ጠርዝ ብቻ ነው። ሴቷ ልጄ አንዲት ቁራሽ ይዛ የወንድሞቿን እጅ ታያለች። እንግዶቹ ገና አልጠገቡም። እፍረትም ንዴትም አንድ ላይ መጣብኝና በሰው ፊት «ሆዳችሁ ማሰሮ ነው እንዴ? ለሰውም አስቡ እንጂ!» አልኳቸው።

ሁለተኛው እጁን ሰበሰበና «ጠግቤያለሁ» ብሎ ተነሳ። ከዚያ ቀን ወዲህ ግማሽ እንጀራ ሳይጨርስ «ጠግቤያለሁ» ነው የሚለው። ትናንት ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ድምፅ ሰምቼ ብነሳ ማድ ቤት ውስጥ በስልኩ መብራት ድርቆሽ በውኃ እያራሰ በበርበሬ ይበላል። «ምነው ልጄ?» ስለው «ለእነሱ እንዲተርፍ ብዬ ነው» አለኝ።

ከዚያ በኋላ እንቅልፍ አልወሰደኝም። ሰኞ ደግሞ ጾመ ነቢያት ይገባል፤ 43 ቀን ያለ ሥጋ፣ ያለ ወተት፣ ያለ እንቁላል። እነዚህን ልጆች በምን ላጥግባቸው? አባታቸውና እህታቸው ሳይጎዱ፣ እኔም እንጀራ መቁጠር ሳያስፈልገኝ? ወንድ ልጅ ያሳደጋችሁ እባካችሁ ንገሩኝ።


ጋጋሪዋ (ኮዬ ፈጬ)
ህዳር 11፣ ከምሽቱ 4:45

እህቴ፣ ድርቆሹ ጋ ስደርስ ዓይኔ እንባ ሞላ። አይዞሽ።

እኔ እንጀራ ጋግሬ በመሸጥ ነው ልጆቼን ያሳደግኩት፤ ስለዚህ ከማውቀው ልጀምር። እንጀራውን አታብዢ፣ እንጀራው ላይ የሚወጣውን አወፍሪው። በቀጭን ሽሮ አራት እንጀራ የሚበላ ልጅ፣ ወፍራም ክክ ወጥና ድንች ካለ ሁለት ተኩል ላይ ያቆማል። ይህን በገዛ ቤቴ ነው ያየሁት።

ጤፉ አልበቃ ካለሽ ቀላቅዪ፣ ግን በምን እንደምትቀላቅዪ እወቂ። ሩዝ እንጀራውን ነጭና ለስላሳ ያደርገዋል፤ ደንበኛ ይወደዋል። ሆድ ላይ ግን አይቆይም፣ ልጆቹ ወዲያው ይርባቸዋል። ማሽላ ይሻላል። ጉድለቱ ቶሎ መድረቁ ነው፤ በሁለት ቀን መበላት አለበት። አንቺ ቤት ለሁለት ቀን ስለማይተርፍ ለዚህ አታስቢ። ስትጋግሪ የመጨረሻውን ሊጥ ለእንጎቻ አስቀሪው። ትኩሱን እንጎቻ በበርበሬና በዘይት ቀብተሽ በእጃቸው ስጫቸው። ምጣዱ ሳይወርድ የበላ ልጅ መሶቡን አይዘርፍም።

አንድ ነገር ደግሞ፣ እኛ ሰፈር ከ12 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ማታ ሁሉም ምጣድ ስለሚሰካ መብራቱ ይደክማል፤ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። እኔ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተነስቼ ነው የምጋግረው።


ነጭ ጋዎን (አያት)
ህዳር 12፣ ከጠዋቱ 1:20

ነርስ ነኝ፣ የ14 ዓመት ወንድ ልጅም አለኝ። ከሌሊት ተረኝነት ወጥቼ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያ ልብሽን ላሳርፈው፤ ልጅሽ ሆዳም አይደለም። ወንድ ልጅ በጣም በሚመዘዝበት ጊዜ፣ ብዙውን ጊዜ በ13 እና በ15 ዓመት መካከል፣ በአንድ ዓመት ውስጥ እስከ 9 ወይም 10 ሳንቲ ሜትር ሊጨምር ይችላል። አጥንቱም፣ ጡንቻውም፣ ደሙም አብሮ ነው የሚያድገው። ኳስ የሚጫወት፣ በእግሩ የሚሄድ የ15 ዓመት ልጅ በቀን ከ2,800 እስከ 3,200 ካሎሪ ገደማ ያስፈልገዋል። ለአንቺ ወደ 2,000 ይበቃሻል። በአንቺ ሆድ ለክተሽ ካቀረብሽለት እየራበው ነው የሚነሳው።

ጾሙ አያስፈራሽ። ጤፍ፣ ስንዴና በቆሎ ላይሲን የሚባለው የፕሮቲን ክፍል ያንሳቸዋል፤ ጥራጥሬ ደግሞ እሱ ሞልቶታል። እንጀራና ሽሮ፣ ዳቦና ፉል፣ ሩዝና ምስር አብረው ሲበሉ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። ከ100 ግራም ደረቅ ሽምብራ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን ይገኛል፤ ከምስርና ከለውዝ ደግሞ ወደ 25 ግራም። የለውዝ ቅቤ ዳቦ ላይ ቀብተሽ ምሳ ዕቃው ውስጥ ጨምሪለት፤ ትንሽ ሆኖ ብዙ ጉልበት ይሰጣል። ተልባና ሱፍም እንደዚያው ናቸው። ሻይ ግን ከምግቡ ጋር አትስጪያቸው፤ የብረት ማዕድኑን ያስቀርባቸዋል። አንድ ሰዓት ይራቅ። ጎመኑና ምስሩ ላይ ሎሚ ከጨመቅሽ ብረቱን ሰውነት በደንብ ይቀበለዋል።

አሁን ደግሞ ሁለት ማስጠንቀቂያ፣ ሁላችሁም አንብቡት።

ርካሽ ተፈጭቶ የተዘጋጀ ሽሮ ስትገዙ ምን እንዳለበት ጠይቁ። ጓያ ለወራት ዋና ምግብ ሆኖ ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደው እግርም አይመለስም። ይበልጥ የሚያጠቃው ወጣት ወንዶችን ነው፤ ብዙ የሚበሉትም እነሱ ናቸው። አቅም ካላችሁ ሽምብራውንና አተሩን ራሳችሁ ለቅማችሁ አስፈጩ።

ሁለተኛ፣ ልጅ ብዙ እየበላ እያደገ ከሆነ ደስ ይበላችሁ። ብዙ እየበላ ከከሳ፣ ውኃ ቶሎ ቶሎ ከጠማውና ሌሊት ለሽንት ከተነሳ ግን ሳትውሉ ሳታድሩ ጤና ጣቢያ ወስዳችሁ ደሙን ለስኳር አስመርምሩት። ዓይነት 1 ስኳር በዚህ ዕድሜ ይጀምራል፤ ቤተሰብ «እያደገ ነው» ብሎ ሲያልፈው በሽታው ልጁን ይጥለዋል። የሆድ ትላትልም ካለ ይታያል።


ሥርዓት ይከበር (ለቡ)
ህዳር 12፣ ከጠዋቱ 3:05

እህቴ፣ የማዝንልሽ ያህል አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። እኛ አባታችን ሳይመጣ ገበታ አይቀርብም ነበር። ታላቅ ሳይጀምር ታናሽ እጁን አይሰድም። ከፊቱ ይበላል እንጂ ትሪውን አያዞርም። ረሃብ ቢኖርም ሥርዓት ነበር። ልጆችሽ እንግዳ እስኪጠግብ መጠበቅ ካልቻሉ የጎደለው ምግብ ሳይሆን ሥርዓት ነው። በሰው ፊት መናገርሽ ልክ ላይሆን ይችላል፤ የተናገርሽው ነገር ግን እውነት ነው። ነገ በሰው ቤት፣ በሰው አገር የሚያኖራቸው ይሄ ነው።


ባለ ሲኖትራክ (ገላን)
ህዳር 12፣ ቀን 7:30

ወንድሜ ሥርዓት ይከበር፣ በአክብሮት ነው የምመልስልህ። እኔም እንዳንተ ነበር ያደግኩት፣ ቤቴንም እንደዚያው ነበር የያዝኩት። የጅቡቲ መስመር ሹፌር ነኝ። ቤት በምገባባቸው ቀናት እኔ ሳልቀመጥ እራት አይቀርብም ነበር። አንድ ምሽት ከሞጆ ስመለስ መንገድ ተዘግቶ 4 ሰዓት ገባሁ። ትልቁ ልጄ ጠረጴዛው ላይ ተደፍቶ ተኝቷል፤ ከትምህርት ቤት ከተመለሰ ጀምሮ ምንም አልቀመሰም። ስቀሰቅሰው ፊቱ ነጥቷል። እኔ በመንገድ ላይ ሁለት ጊዜ በልቼ ነበር።

ያን ቀን ደንቡን ቀየርኩት። የእኔ ድርሻ በክዳን ይቀመጣል፣ ልጆቹ በሰዓታቸው ይበላሉ። አባት መከበር ያለበት ልጁ እየራበው ሊሆን አይገባም። እሑድ ግን ሁላችንም አብረን ነን፤ ያን ቀን ማንም ቀድሞ አይነካም፣ ምክንያቱም ማንም ተርቦ አይቀመጥም።

እህቴ፣ ለባለቤትሽና ለትንሿ ልጅ ምግቡ ትሪ ላይ ሳይወጣ አስቀድመሽ ቀንሺ። ለልጆቹም ንገሪያቸው፦ «የአባታችሁና የእህታችሁ ተነስቷል፣ ይሄ ሁሉ የእናንተ ነው።» ልጁ የሚያፍረው የሰው ድርሻ የነካ ሲመስለው ነው።


እማማ ጠጅ ሳር (ሰበታ)
ህዳር 12፣ ከምሽቱ 1:15

የልጅ ልጄ ናት የምትጽፍልኝ፣ እኔ እየነገርኳት።

ልጄ፣ እኔ ሰባት ወልጄ አምስቱ ወንዶች ናቸው። የተራበ ልጅ ወደ ገበታ አይጠራም፤ አስቀድሞ ረሃቡን ማስታገስ ነው እንጂ። መክሰስ የሚባለው ነገር ለምን ከቤታችሁ እንደጠፋ አይገባኝም። እኔ ሁልጊዜ ከእራት ሁለት ሰዓት ቀደም ብዬ ንፍሮ አወጣ ነበር። ስንዴና ሽምብራ፣ አንዳንዴ ባቄላ፣ ሌሊቱን ተዘፍዝፎ ያደረ። በሰፌድ አድርጌ መሐል ላይ አስቀምጥና ዞር እላለሁ። ዞር ማለት ጥሩ ነው ልጄ፤ እናት ስታይ ልጅ ይቆጥራል። እራት ሲቀርብ ሆዳቸው ረግቷል፣ እንደ ሰው ይበላሉ፣ ይጫወታሉ።

ጠዋት በሶ። ገብሱን ቆልተሽ አስፈጭተሽ አስቀምጪ፤ በውኃ፣ በጨውና በትንሽ ሚጥሚጣ አሽተሽ ጨብጠሽ ስጪው፣ እስከ ቀትር ይይዘዋል። የፍስክ ሲሆን ጩኮ ነው፣ ቅቤው አለበት። ቅንጬም አለ፣ ገንፎም አለ። በጾም ቀን ገንፎ በተልባ ወይም በኑግ ዘይት ይበላል። አነባበሮም ጋግሪ፤ ሁለት እንጀራ ተደራርቦ መሐሉ በአዋዜ ተለውሶ፣ አንዱ ቁራጭ ሁለት እንጀራ ይተካል።

ያን ልጅ ደግሞ ብቻውን ጥሪው። ብዙ አትናገሪ። አጠገብሽ አስቀምጪውና አጉርሺው። አንድ ጉርሻ ያጣላል፣ ሁለት ሦስት አድርጊለት። ስድቡን የሰማው በሰው ፊት ነውና ጉርሻውንም በሰው ፊት ይቀበል።


የአራት ልጆች እናት (ቱሉ ዲምቱ)
ህዳር 12፣ ከምሽቱ 3:40

እማማ፣ እግዚአብሔር ዕድሜ ይስጥልኝ። ጮክ ብዬ ለባለቤቴ አነበብኩለት። እሱም ዝም ብሎ ቆየና «እኔ ስገባ ሳህኔ ሙሉ ሆኖ ሳየው ልጆቹ ጠግበው ይመስለኝ ነበር» አለ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ፤ ነገ ጠዋት ሽምብራ ልገዛ ነው።


የ18 ዓመቱ (የካ አባዶ)
ህዳር 12፣ ከምሽቱ 5:50

ሰላም እትዬ። እኔ እናት አይደለሁም፤ እንደ ልጅዎ የነበርኩ ልጅ ነኝ። ልጻፍ አልጻፍ ብዬ ሁለት ጊዜ አጥፍቼዋለሁ።

የ15 ዓመት ልጅ ሳለሁ ቤታችን ውስጥ ስምንት ነበርን። ማታ ማታ ይርበኝ የነበረው አሁን ድረስ አይረሳኝም። ከበላሁ ከአንድ ሰዓት በኋላ እጄ ይንቀጠቀጥ ነበር፣ ትምህርት አይገባኝም። ማንም ተሳድቦ አያውቅም፤ ግን እናቴ ስትቆርስ እጇን አይ ነበር፤ መሶቡን ከድና በጣቷ መታ መታ ስታደርግ አለቀ ማለት መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ ጓደኛዬ ቤት «ላጠና» እያልኩ እሄድ ነበር፤ የምሄደው ለመብላት ነበር። እናቴ ይህን ያወቀችው ዘንድሮ ነው፣ ነግሬያት አለቀሰች።

አንድ ነገር ልንገርዎት። «ትደግማለህ?» ብለው አይጠይቁት። ሲጠየቅ «አይ» ነው የሚለው፤ እኔም እንደዚያ ነበር የምለው። ዝም ብለው ይጨምሩለት። አክስቴ እንደዚያ ነበረች፤ እያወራች፣ ፊቴን ሳታይ፣ ጭልፋውን ታዞርልኝ ነበር። እሷ ቤት ስበላ አፍሬ አላውቅም።

እና የሌሊቱን ነገር አይከልክሉት። የሚበላ ነገር የት እንዳለ ይንገሩት። ቆሎ በጣሳ፣ ዳቦ በጨርቅ። «ይሄ የሌሊት ነው፣ ያንተ ነው» ቢሉት በጨለማ አይበላም።


የፉሪዋ እናት
ህዳር 13፣ ከጠዋቱ 4:15

አሰላሙ አለይኩም፣ እህቴ። የ18 ዓመቱ፣ ልጄ፣ አላህ ያሳድግህ። እንዲህ ያለ ቃል ከወንድ ልጅ አፍ መስማት ብርቅ ነው።

እኛ ቤት ረመዳን ላይ ነው ይህን ትምህርት የተማርነው። ልጆቼ ቀን ሙሉ ጾመው ሲያፈጥሩ ወዲያው ትልቁን ምግብ ካቀረብኩ ያለ ልክ በልተው ሆዳቸውን ያማቸዋል። ተምርና ሾርባ መጀመሪያ፣ ሰላት፣ ከዚያ እራት። የምስር ሾርባ በየቀኑ ለአሥራ ምናምን ሰው ሠርቼ አውቃለሁ፤ አንድ ኪሎ ምስር፣ ካሮት፣ ድንች፣ ውኃ። ያለ ረመዳንም አሁን እራታችን በሾርባ ነው የሚጀምረው፣ እንጀራው በግልጽ ቀነሰ።

ፉል ደግሞ ለቁርስም ለእራትም ነው። ባቄላውን ሌሊት ትዘፈዝፊዋለሽ፣ በፕሬዠር ትቀቅይዋለሽ፣ ትፈጭዋለሽ፣ ቲማቲም፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ ዘይት። ጾማችሁን አይነካም።

ሌላው፣ ልጆቹን ማድ ቤት አስገቢያቸው። አንዴ ድስት ሙሉ ሽንኩርት የከተፈ ልጅ ወጡ ከየት እንደሚመጣ ያውቃል። የኔ 16 ዓመቱ አሁን ሩዝ በምስር ራሱ ይሠራል፤ ሲርበው እኔን አይጠብቅም።


ባለ ሲኖትራክ (ገላን)
ህዳር 13፣ ቀን 8:00

የፉሪዋ እናት ያለችው እውነት ነው። እኔ ሽሮ መሥራት የተማርኩት በ30 ዓመቴ፣ ጋላፊ ላይ ወረፋ ስጠብቅ፣ በመኪናው ጥላ ሥር በቡታ ጋዝ ነው። «ወንድ ማጀት አይገባም» ተብዬ ነበር ያደግኩት፤ ሦስት ዓመት ሙሉ በየመንገዱ የማይረባ ምግብ ስበላ ጨጓራዬን ያጣሁት በዚያ ምክንያት ነው። ልጆቼ እንደዚያ አይሆኑም።


ሥርዓት ይከበር (ለቡ)
ህዳር 13፣ ከምሽቱ 2:30

የ18 ዓመቱን ልጅ ጽሑፍ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። እኛም ቤት ከእራት በኋላ «ላጠና» እያለ የሚወጣ ልጅ አለ። ዛሬ ማታ ሲገባ ምን እንደበላ ጠየቅኩት፤ ጎረቤት ቤት በልቶ ነው የመጣው።

ስለ ሥርዓት ያልኩትን አልተውም። እጅ መታጠብ፣ ከፊት መብላት፣ ታላቅን ማስቀደም መቅረት የለበትም። ግን ባለ ሲኖትራክ እንዳለው ነው፤ ጠግቦ የሚቀመጥ ልጅ ነው ሥርዓት መጠየቅ ያለበት። የእኔን ልጅ ከሁለት ሰዓት በላይ አስጠብቄዋለሁ።


የአራት ልጆች እናት (ቱሉ ዲምቱ)
ህዳር 23፣ ከምሽቱ 3:20

አሥር ቀን አለፈ፣ ላሳውቃችሁ።

ቤት ሲደርሱ ንፍሮ ወይም ድንች ይጠብቃቸዋል። እኔም ዞር እላለሁ፣ እማማ እንዳሉት። ለባለቤቴና ለትንሿ አስቀድሜ እቀንሳለሁ፤ ትንሿ የራሷ ቢጫ ሳህን አላት፣ ወንድሞቿም አይነኩትም። መጀመሪያ ላይ ሁሉንም በየሳህኑ ላድርግ ብዬ ሞከርኩ፣ ግን አልወደድነውም፤ እያንዳንዱ አቀርቅሮ በልቶ ይነሳል፣ ወሬ የለም። ወደ ትሪው ተመለስን። እንጀራው መሐል ላይ ሳይሆን አጠገቤ በሰፌድ ተሸፍኖ ይቀመጣል፤ ሲያልቅ ሳልጠየቅ አነጥፋለሁ። ትሪው ባዶ ሆኖ ስለማያዩት አይሻሙም። እንጀራዬ አሁን እስከ ረቡዕ ይደርሳል። እስከ ሐሙስ የሚመለስ አይመስለኝም፤ ማሽላውን ጨምሬ በሳምንት ሁለቴ እጋግራለሁ።

የመሥሪያ ቤት ጓደኛዬ መክራኝ ቦሎቄም ሞክሬ ነበር። ያን ቀን መብራት ጠፍቶ ስለዘገየሁ ቸኩዬ አወጣሁት፣ መሐሉ ገና ጠንካራ ነበር። ትልቁ ልጄ ብዙ በልቶ ሌሊቱን ሲያስመልሰው አደረ። በጣም ደነገጥኩ። ጠዋት ደህና ሆነ። ምን አጥፍቼ ነው?

ሁለተኛውን ብቻውን ጠርቼ ይቅርታ ጠየቅኩት። ምንም አላለኝም። ቅዳሜ ማታ ሁላችንም በተቀመጥንበት አጎረስኩት፤ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት። ሦስተኛው ላይ አፉ ሞልቶ ሳቀና መልሶ እኔን አጎረሰኝ። ትልቅ ጉርሻ ነበር፣ መዋጥ አቃተኝ፤ በምግቡ ብዛት ብቻ አልነበረም።


ነጭ ጋዎን (አያት)
ህዳር 23፣ ከምሽቱ 4:05

እህቴ፣ ቦሎቄው ነው። ጥሬ ወይም ግማሽ የበሰለ ቦሎቄ ውስጥ ሆድ የሚበጠብጥ መርዝ አለ፤ ጥቂት ፍሬ እንኳ ያስመልሳል። የሚጠፋው በደንብ ሲፈላ ነው። ሌሊቱን ዘፍዝፊው፣ የዘፈዘፍሽበትን ውኃ ድፊው፣ በአዲስ ውኃ በኃይለኛ እሳት አፍልተሽ ከዚያ እስኪለሰልስ ቀቅዪው። በትንሽ እሳት ብቻ ማንተክተክ አይበቃም።

አዲስ አበባና አካባቢዋ ከፍታ ላይ ስለሆኑ ውኃችን የሚፈላው በ100 ሳይሆን ወደ 92 ዲግሪ ላይ ነው። ባቄላና ቦሎቄ ቆላ ከሚበስልበት ጊዜ በላይ የሚፈጅብን ለዚህ ነው። ከቻልሽ ፕሬዠር ግዢ፤ ሙቀቱን ከፍ ስለሚያደርገው ጥራጥሬ ለሚበዛበት ቤት መብራቱንም ጊዜውንም ይቆጥባል። ሽምብራና ባቄላም ቢሆን መሐሉ ሲነከስ ዱቄት ካልሆነ አታውጪው።


ጋጋሪዋ (ኮዬ ፈጬ)
ህዳር 24፣ ከንጋቱ 11:30

ምጣድ እየጋለልኝ ነው ያነበብኩት። እንጀራ አጠገብሽ ማስቀመጥሽን ወደድኩት፤ እኔም ዛሬውኑ አደርገዋለሁ።


የአራት ልጆች እናት (ቱሉ ዲምቱ)
ታኅሣሥ 20፣ ከምሽቱ 2:50

ደግሜ መጣሁ። ገና ደረሰ፣ የባለቤቴ እህት ከነልጆቿ እንደገና ትመጣለች። እኔ ነኝ የጠራኋት፤ የዚያ የቅበላው እሑድ ነገር ልቤ ውስጥ እንዲያልቅ እፈልጋለሁ። ሁለተኛው ልጄ «ሽንኩርቱን እኔ እከትፋለሁ፣ ዶሮውንም አሳዪኝ» ብሏል።

ጭንቀቴ ግን ይሄ ነው። በአቅሜ የምገዛው አንድ ዶሮ ነው። ዶሮ 12 ብልት ነው፤ እኛ አሥር ነን፣ አምስቱ በማደግ ላይ ያሉ ወንዶች ናቸው። ለአንድ ሰው አንድ ብልት ይደርሳል፤ ማን ፈረሰኛ፣ ማን ቆዳ እንደሚደርሰው እያሰብኩ ሌሊቱን ላድር ነው። እማማ፣ እርስዎ ቢሆኑ ምን ያደርጋሉ?


እማማ ጠጅ ሳር (ሰበታ)
ታኅሣሥ 21፣ ከጠዋቱ 2:30

ልጄ፣ አንድ ዶሮ ለአሥር ሰው እኔ ስንት ጊዜ አቅርቤያለሁ መሰለሽ።

ቁሌቱ ላይ ነው ሥራው። ሽንኩርቱን ከለመድሽው እጥፍ አድርጊው፣ ደቀቅ አድርጎ ልጁ ይክተፈው። ያለ ዘይት አስቀድመሽ እያማሰልሽ አብስዪው፣ ቅቤው በኋላ ይግባ፤ አትቸኩዪ፣ ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ቁሌቱ ወፍራም ከሆነ ልጆቹ የሚጠግቡት በእሱ ነው። እንቁላሉን ለሰው አንድ ብቻ አታድርጊ፤ ለአምስቱ ልጆች ሁለት ሁለት ቀቅዪ፣ 15 ይሆናል፣ ከሁለተኛ ዶሮ ይረክሳል። በቢላ ጫር ጫር አድርገሽ ወጡ ውስጥ ጨምሪው፣ ወጡ ውስጡ ይግባ። አይብ በብዛት አዘጋጂ፣ ጎመኑንም አትርሺ። ድፎ ዳቦ ጠዋት ይቆረስ፤ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ዳቦውን በልተው ይቆዩ፣ ዶሮው ከቀትር በኋላ ይቅረብ።

ብልቱን አንቺ አታድዪ። ለአባትየው ስጪውና እሱ ያውጣ፣ እንደ ድሮው። ፈረሰኛውን ግን ሽንኩርቱን ለከተፈው ይስጥልኝ፣ እማማ ብለዋል በዪው።